የኤንትሬ ሞተር ሲደክም፦ ያገለገለ ሞተር፣ ቶርኖ ቤት ወይስ ለክቶ የሚያድስ ቤት?

አሮጌ ፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ያላቸው ወዳጆቼ ሞተሩ ዘይት መብላትና ሰማያዊ ጭስ መትፋት በጀመረ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። ያገለገለ ሞተር ገዝቶ መግጠም፣ በሰፈር ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ቤትና በራስ መካኒክ ማሠራት፣ ወይስ የሞተር ማደሻ ማሽን አሟልቶ ወደያዘ ቤት መውሰድ? ሻሲውና ካቢናው ጤነኛ ለሆነ መኪና መልሴ ሦስተኛው ነው። ይሁን እንጂ የዚህ ቤት ዋጋ ሲነገር ከሁሉም የከበደ ስለሚመስል ብዙ ሰው ከበሩ ይመለሳል፤ ስለዚህ የማነጻጽረው በአመዛኙ ዋጋን ነው።

ያገለገለ ሞተር ቶሎ የሚያልቅ ጉዳይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። በአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ በሶማሌ ተራ የሚገኘውም ሆነ ከተፈታ መኪና ላይ የሚወርደው የኤንትሬ ሞተር ዛሬ ሁሉም አሮጌ ነው፤ ሻጩ «ያልተከፈተ» ቢለውም ባለፉት አሥርት ዓመታት በስንት እጅ እንዳለፈና ስንቴ እንደተፈታ የሚያውቅ የለም። ትልቁ ስጋት የኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት ዋና ዘንግ) ልክ ነው። ኮሎ በተሞረደ ቁጥር ስለሚቀጥን ብሮንዚኑ (ኮሎው የሚሽከረከርበት ስስ ማረፊያ) ያንኑ ያህል እየወፈረ በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75 እና በ1.00 ሚሊሜትር ደረጃ ይሸጣል፤ መጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሰ ኮሎ ያለውን ሞተር የገዛ ሰው እንግዲህ ዳግም ለመሞረድ ቦታ የሌለው ሞተር ገዝቷል ማለት ነው። ይህን መንገድ የመረጠ ሰው የዘይት ቋቱ ተፈትቶ፣ አንድ ብሮንዚን ወጥቶ፣ ጀርባው ላይ የተመታውን ቁጥር በዓይኑ ሳያይ ቀብድ አይክፈል። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ የሚሰፍር በመሆኑ ሞተሩን የማስለወጫው ምልልስና ወጪም የዋጋው አካል ነው፤ ሕጋዊ የሽያጭ ሰነድ የማይሰጥ ሻጭ ምንም ያህል ቢያረክስ ውድ ነው።

ቶርኖ ቤቶችን አልንቅም። ቡሽ ለመሥራት፣ ጥርሱ የተበላ የብሎን ቀዳዳ ለማዳን፣ ከገበያ የጠፋ ቁራጭ ከሙሉ ብረት ለማውጣት ከእነሱ የተሻለ ባለሙያ አላውቅም። ችግሩ የሚመጣው ተራ ቶርኖ ማሽን ኮሎ እንዲሞርድ ሲጠየቅ ነው። የቢዬላ (ፒስተንን ከኮሎ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ) አንገቶች፣ ማለትም ቢዬላው የሚታሰርባቸው የኮሎው ክብ ክፍሎች፣ ከኮሎው መሐል ውጭ ስለሚሽከረከሩ ለዚሁ ተብሎ የተሠራና በድንጋይ የሚሞርድ ማሽን ይፈልጋሉ፤ በቢላ ተልጦ በብርጭቆ ወረቀት የተወለወለ አንገት ለዓይን ያበራል እንጂ በማይክሮሜትር ሲለካ በአንድ በኩል ወፍሮ በሌላው ቀጥኖ ይገኛል። ከዚህም የባሰው ጥጉ ነው። አንገቱ ከጎን ግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ በፋብሪካ ክብ ተደርጎ የተሠራው ኮሎው በሥራ ላይ የሚሸከመው ኃይል እዚያ ላይ ስለሚበረታ ነው፤ ሞራጁ ጥጉን ስል አድርጎ ከቆረጠው ስንጥቅ ከዚያ ይነሣና ኮሎው ጭነት ላይ ይሰበራል። አንድ ወዳጄ በዚህ ዓይነት የተሞረደ ኮሎ አስገጥሞ በሙሉ ጭነት ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ ኮሎው ተሰብሮ ቢዬላው ብሎኩን (የሞተሩን ዋና አካል) በስቶ ወጣ። የቆጠበው በሁለት ቤቶች መካከል ያለውን የማስሞረጃ ልዩነት ነበር፤ የከፈለው ብሎኩን፣ የመኪና መጎተቻውንና የጭነቱን ባለቤት ካሣ ነው።

ለክቶ የሚያድሰው ቤት የሚለየው በማሽኖቹ ብዛት ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም አዳዲስ ማሽን ደርድሮ የማይለካ ቤት አለ። የምፈልገው ቤት ብሎኩን በሙቅ ማጠቢያ ካጸዳ በኋላ ስንጥቅ የሚፈትሽ፣ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ስፋት ከላይ፣ ከመሐልና ከታች በሁለት አቅጣጫ ለክቶ በወረቀት የሚጽፍ፣ የኮሎውን አንገት ሁሉ እንዲሁ የሚመዘግብ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ዋጋ የሚናገር ነው። ሞተሩ ገና ሳይወርድ በስልክ ዋጋ የሚቆርጥ ቤት ወይ ለራሱ ስጋት ጨምሮ ጠይቋል፣ ወይ በሥራው መሐል «ይህ ደግሞ አልነበረም» ሊል አስቧል። የልኬቱ ወረቀት ከሌለ ሥራው ሲያልቅም የሚከራከሩበት ነገር አይኖርም። ስለ ቴስታታም (የሲሊንደሮቹ ክዳን) መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ከዚህ በፊት ስንት ተልጧል? አሁንስ ምን ያህል ይላጣል? በናፍጣ ሞተር በፒስተኑና በቫልቩ መካከል ያለው ክፍተት ትንሽ ስለሆነ ከልክ በላይ የተላጠ ቴስታታ ቫልቩን ከፒስተን ያጋጫል፤ በርካሽ «ትንሽ እናስተካክለው» የሚሉት ሥራ ውድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር በመሆኑ ማንኛውም ዋጋ ሲነገር የመጀመሪያው ጥያቄ «የአንዱ ነው የስድስቱ?» መሆን አለበት፤ ካሚቻ (ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደር ሽፋን) በአንዱ፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) በስብስብ፣ ብሮንዚን ደግሞ አንዳንዱ ሻጭ በጥንድ አንዳንዱ በሙሉ ስለሚጠራ ሁለት ሱቆች ሲወዳደሩ ርካሽ የመሰለው ብዙ ጊዜ ውዱ ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው ጥያቄ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ገብቶበታል ወይ የሚለው ነው፤ ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ ዕቃ በዚያ መጠን የቀነሰ ይመስላል፣ ነገር ግን ሲበላሽ የሚመለስበት ማስረጃ የለውም። ሦስተኛው የምንዛሪ ጉዳይ ነው። የአንድ ሺህ ዶላር ዕቃ የብር ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 በፊት በባንክ ሂሳብ 57 ሺህ ብር አካባቢ ነበር፤ በዓመቱ ከ130 ሺህ አለፈ። ስለዚህ «ባለፈው ጊዜ በዚህ ገዝቼ ነበር» የሚለው ንግግር ዛሬ ለድርድር አይረዳም፤ የሚረዳው ሻጩ ዕቃውን መቼ እንዳስገባ ማወቅ ነው፤ በመደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣ የድሮ ክምችት አንዳንዴ በዋጋም በጥራትም ይበልጣል።

እኔ ባየኋቸው ደረሰኞች ላይ የማሽን ሥራው ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ ብዙውን የሚበላው መለዋወጫው ነው። ሰዎች ግን አጥብቀው የሚከራከሩት በማሽን ሥራው ላይ ነው፤ ካሚቻና ፒስተን ሲገዙ ደግሞ በአንድ ሱቅ ይጨርሳሉ። እኔ በተገላቢጦሽ እንዲያደርጉ እመክራለሁ።

መለዋወጫ ላይ ያለው አደጋ ኮፒ ነው። ካርቶኑ የታወቀ ፋብሪካ ስም ይዞ ይመጣል፣ ማኅተሙም ያማረ ነው፤ ጀርባው ላይ 0.50 የተመታበት ብሮንዚን በማይክሮሜትር ሲለካ ግን ከጓደኞቹ ጋር እኩል ውፍረት አይኖረውም። በኮሎና በብሮንዚን መካከል ዘይት የሚያልፍበት ክፍተት በሚሊሜትር መቶኛ የሚቆጠር ስለሆነ ይህ ስሕተት በአንድ ጉዞ ብሮንዚኑን ያቃጥላል። ለፒስተን ቀላሉ ፈተና ሚዛን ነው፤ ስድስቱን በተራ መዝኖ ክብደታቸው ጎልቶ የሚለያይ ከሆነ ስብስቡን መመለስ ነው። ፋሻ ደግሞ ወደ ካሚቻው ገብቶ የጫፎቹ ክፍተት በቅጠል መለኪያ ይታያል፤ ለናፍጣ ሞተር በየ100 ሚሊሜትሩ የሲሊንደር ስፋት ከ0.30 እስከ 0.40 ሚሊሜትር የተለመደ ነው፣ የሞተሩ የጥገና መጽሐፍ ከተገኘ ግን የእሱ ቁጥር ይበልጣል። ክፍተቱ የጠበበ ፋሻ ሲግል ጫፍ ለጫፍ ተጋጭቶ ካሚቻውን ይቧጭራል።

ዕቃውን ማን ይግዛ የሚለው ብዙ ያከራክራል። ቤቱ ራሱ ሲገዛ ትርፍ ይጨምራል፣ ነገር ግን ሞተሩ ቢያንኳኳ ተጠያቂው አንድ ነው። ባለንብረቱ ሲገዛ ይረክሳል፣ ግን ማደሻው «ዕቃው ነው» ሲል ሻጩ «አሠራሩ ነው» ይላል። እኔ የምመርጠው ባለንብረቱ ከልኬቱ በኋላ እንዲገዛና ከሻጩ ጋር «ተለክቶ ካልሆነ ይመለሳል» ተባብሎ ዕቃውን ገና ከሳጥኑ ሳይገጠም ማደሻ ቤቱ ለክቶ እንዲፈርምበት ነው። ይህን ውል እምቢ የሚል ሻጭ ዕቃውን ያውቀዋል። ልኬት ሳይታወቅ ቀድሞ ብሮንዚን የገዛ ሰው ግን ማንንም መክሰስ አይችልም፤ ኮሎው 0.25 ብቻ ይበቃው የነበረ ቢሆንም እጁ ላይ ባለው 0.50 ልክ ያስሞርደዋል፣ የኮሎውንም ዕድሜ አንድ ደረጃ በከንቱ ይበላል።

ሦስተኛውን መንገድ የማልመክርበት ጊዜ አለ። ብሎኩ የኮሎ መቀመጫዎቹ አካባቢ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ኮሎው መጨረሻው ደረጃ ላይ ደርሶ ሌላ ካልተገኘ ያገለገለ ሞተር መፈለግ ግድ ነው፤ ያኔም ቢሆን የተገዛው ሞተር ሳይገጠም እዚያው ለክቶ የሚያድስ ቤት ገብቶ ይታይ፤ የፍተሻው ክፍያ ከሞተሩ ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ።

ከቤቱ ጋር የሚፈረመው ወረቀት ላይ ልኬቶቹ ከሥራ በፊትና በኋላ፣ አሮጌዎቹ ዕቃዎች በሙሉ እንደሚመለሱ፣ የነዳጅ ፓምፑና የኢኛቶሪዎቹ (ነዳጅ ረጪዎቹ) ፍተሻ በዋጋው ውስጥ መግባት አለመግባቱ፣ የመጀመሪያው ዘይት ቶሎ ሲቀየር ፊልትሩ ተከፍቶ እንደሚታይ፣ ሞተሩ ሞቆም በርዶም የዘይት ግፊቱ ባለንብረቱ ባለበት ተነብቦ እንደሚመዘገብ ይጻፍ፤ ቀሪው ክፍያ የሚለቀቀው ከዚህ ንባብ በኋላ ነው።