የዕለት ጣሪያ አለው ብለው የሸጡልኝ ፈራሚ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። 3,870 ዶላር ከወሰዱብኝ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። አብዛኛው ደግሞ የዕቁብ ገንዘብ ነበር።

የሻጩን ስም ባልጠራም ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ላይ «ወንድማችን» ብሎ ይጀምራል፣ በማግስቱ በቪዲዮ ጠርቶ መሣሪያውን ያሳያል፣ ከዚያ ዋጋው ሰኞ እጥፍ ይሆናል ይላል። ይህኛው የሚሸጠው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል (በባለቤቱ ፈንታ ራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) በብሎክቼይን፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ በሚመዘገብበት የጋራ ሰንሰለት ላይ ሲከፍል የሚፈርምለትን መሣሪያ ነው። ሐሳቡን አልጠላውም። ወኪሉ የዋሌቱን (የዲጂታል ቦርሳውን) የግል ቁልፍ፣ ማለትም ገንዘቡን የሚያንቀሳቅሰውን ምስጢራዊ ቁጥር አያይም፤ «ይህን ልክፈል» ብሎ ይጠይቃል፤ መሣሪያው ደንቡን አይቶ ይፈርማል ወይም ይከለክላል። እኔም አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ተቀምጬ ለሥራዬ የሚያስፈልገኝን የገበያ መረጃ በሳንቲም በሳንቲም እየገዛ የሚያመጣልኝ ወኪል ስለነበረኝ ለዓመቱ 480 ዶላር ልከፍል ተስማማሁ።

«መመሪያውን በአማርኛ ብትጽፍልን 100 ዶላር እንቀንስልሃለን» ሲሉኝ ደግሞ ደስ አለኝ። አዎን፣ ደስ አለኝ! 31 ገጽ ጻፍኩ። በአራተኛው ገጽ ላይ ያለችውን ዓረፍተ ነገር ለማሳመር ግማሽ ቀን ፈጅቼባታለሁ፦ «ወኪልዎ ከወሰኑለት የዕለት ጣሪያ በላይ አንዲት ሳንቲም ማውጣት አይችልም።» እነርሱ የሰጡኝ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይህንኑ ነበር የሚለው። እውነት መሆኑን አልፈተንኩም። የቋንቋውን ለዛ እንጂ የመሣሪያውን አሠራር የሚመረምር ሰው አልነበርኩም። መመሪያውን ለሦስት ጓደኞቼ ላክሁላቸው፤ ሦስቱም ገዙ።

ጣሪያዬን 50 ዶላር አደረግኩ። ሐሙስ ማታ ዕቁብ ወጣልኝ። የዕቁባችን ዳኛ ወጣት ነው፣ በዲጂታል ዶላር፣ በዩኤስዲሲ ነው የሚልክልን። ነገ ወደ ባንክ አዛውረዋለሁ ብዬ ወኪሉ በሚከፍልበት በዚያው ዋሌት አሳደርኩት። ለአንድ ሌሊት ብቻ።

ጠዋት ቡናዬን ይዤ ስከፍተው ዋሌቱ ባዶ ነው። የመሣሪያው መዝገብ ግን አረንጓዴ ነው፦ «የዛሬ ወጪ 4.20 ዶላር፤ ጣሪያ 50 ዶላር።» መዝገቡን ወደ ታች ስወርድ «ፊርማ፣ ወጪ 0.00» የምትል አንዲት መስመር አገኘሁ። ውስጧን ስከፍት በ115792 የሚጀምር ባለ 78 አኃዝ ቁጥር ተዘርግቷል። ይህን ቁጥር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ኢተሪየም በሚባለው ብሎክቼይን ላይ «ገደብ የለውም» ማለት ነው። ከመረጃ ሻጮቹ አንዱ በገጹ ላይ የደበቀው ጽሑፍ ወኪሌን «ናሙናውን በነፃ ለማየት ይህን አስፈርም» ብሎታል፤ መሣሪያውም ፈርሞለታል። ነገሩ ፐርሚት የሚሉት፣ ሌላ ሰው ከዋሌትህ እንዲያወጣ የሚፈቅድ ፊርማ ነው፦ ግብይት አይደለም፣ ክፍያ አይጠየቅበትም፣ ሲፈረም በሰንሰለቱ ላይ ምንም አይታይም። ፊርማውን የያዘው ሰው ግን ወደ ዩኤስዲሲ ኮንትራት፣ ማለትም ገንዘቡን በሰንሰለቱ ላይ ወደሚያዛውረው ፕሮግራም ይዞት ሲሄድ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ይወስዳል። ሣጥኑን የሚጠብቀው ዘበኛ የተፈረመ ባዶ ቼክ በአጠገቡ ሲወጣ በሩን ከፍቶ አሳለፈ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የክሪፕቶ መገበያያው ባይቢት 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲዘረፍ ፈራሚዎቹ በስክሪኑ ላይ አንድ ነገር እያዩ ሌላ መፈረማቸውን አንብቤ ነበር። የትልልቆቹ ጣጣ ነው ብዬ አለፍኩት።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ለሞኝነቴ ልስጠው። ደሜን ያፈላው ቀጥሎ የመጣው ነው።

ለደንበኞች አገልግሎት ጻፍኩ። ሃያ ደቂቃ አስጠብቆ አንዱ መለሰ፦

«መመሪያውን አንብበዋል?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ። ከዚያ «እንግዲያው በአራተኛው ገጽ ያለውን ማስታወሻ ያውቁታል ማለት ነው» አለኝ። ገጹን ከፈትኩ። ከዚያች ግማሽ ቀን ከፈጀሁባት ዓረፍተ ነገር ሥር በደቃቅ ፊደል እንዲህ ተጽፏል፦ «ጣሪያው በሰንሰለት የሚመዘገቡ ግብይቶች ብቻ ነው የሚመለከተው፣ ነፃ ፊርማዎችን አያካትቱም።» ማሽን እንደተረጎመው ያስታውቃል፤ ሰዋስው እንኳ የለውም። ከገጹ ግርጌ «ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው» የሚለው ሰዓት ያ ሰውዬ ዝም ባለባቸው ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ከሰዓቱ አጠገብ የጸሐፊው ስም አለ። የእኔ ስም። ያልጻፍኩትን ጽፈው በእኔ አስፈረሙት።

የቀድሞውን ገጽ አትሜ አስቀምጬው ስለነበር ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም ሆኜ ተገኘሁ። ፎቶውን አየው፤ ማየቱን የሚያሳየው ምልክት መጣ። መልሱም «ሌላ የምንረዳዎት ነገር አለ?» የሚል ነበር። መስኮቱ ተዘጋ። ዛሬ ስሞክር መለያዬ ታግዷል፤ የከፈልኩት 380 ዶላርም በዚያው ቀረ።

ምክር ልስጥ እንኳ ብል አፌን ሞልቼ የምናገረው የለኝም። ወኪል የሚነካው ዋሌት ውስጥ ቢጠፋ የማይቆጫችሁን ያህል ብቻ አኑሩ። ሻጩን «ግብይት ያልሆነ ፊርማ ሲጠየቅ መሣሪያችሁ ምን ያደርጋል?» በሉት፤ ከተንተባተበ ተዉት። መመሪያውንም መሣሪያውን ከገዛችሁ በኋላ ሳይሆን ከመግዛታችሁ በፊት በወረቀት አትማችሁ ያዙት።

ያንን መመሪያ በእኔ ስም ያነበባችሁ ካላችሁ ገንዘባችሁን አሁኑኑ ወደ ሌላ ዋሌት አዛውሩ። ከሦስቱ ጓደኞቼ ሁለቱ ስልክ አንስተው አውጥተዋል። ዱባይ ያለው ግን አሁንም አያነሳም፤ እዚያ እኩለ ቀን ነው፣ ሥራ ላይ ይሆናል። እየደወልኩ ነው።