የልምምድ እሳት፦ በጋዝ ወይስ በእንጨት?

የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚሠለጥኑበት፣ በጋዝ የሚሠራው የልምምድ ክፍል ትልቁ ጥቅሙ ማጥፊያው ነው። አሰልጣኙ ቁልፉን ሲጫን ነበልባሉ በሰከንዶች ይወርዳል፣ ማራገቢያው ጭሱን ጠርጎ ያወጣል፣ ሌላ ቡድን ይገባል። የቡድን መሪም በሬዲዮ ማዘዝንና ሰው መቁጠርን በአንድ ቀን ደጋግሞ ይለማመድበታል። ችግሩ እሳቱ የሚታዘዘው ለውሃው ሳይሆን ለቁልፉ መሆኑ ነው። ሰልጣኙ እንደነገሩ ረጭቶ አሰልጣኙ ካጠፋለት፣ «አጠፋሁ» ብሎ ይወጣል። ጭሱም ሰው ሠራሽ ስለሆነ አይቀጣጠልም።

በብረት ኮንቴይነር ውስጥ የእንጨት ፓሌትና ገለባ ሲነድ ግን ጭሱ ራሱ ነዳጅ ነው። ከጣሪያው ሥር ይተኛል፤ በር ሲከፈት እሳቱ አየር አግኝቶ ይጋጋማል፣ ጭሱ ዝቅ ይላል፣ በመሃሉ የእሳት ምላስ ብልጭ ይላል። ሰልጣኙ ተንበርክኮ አጭር ርጭት ወደ ላይ ሲልክ ጭሱ ቀዝቅዞ ይሰበሰባል። ውሃ ካበዛ እንፋሎቱ ተመልሶ ጆሮውን ይለበልበዋል። ይህን የትኛውም ቁልፍ አያስተምርም! በሌላ በኩል፣ ጥላሸቱ ካንሰር አምጪ ነገር ስላለበት ልብሱ ከልምምድ በኋላ መታጠብ አለበት፤ እሳቱም በተፈለገ ሰዓት አይጠፋም።

እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ ቦልደር ውስጥ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች በልምምድ እሳት ከሞቱ በኋላ በ1986 የወጣው የአሜሪካ የልምምድ እሳት ደንብ፣ ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ. 1403፣ ሁለቱንም ዓይነት ልምምድ ይገዛል፦ ለአንድ አሰልጣኝ ከ5 ሰልጣኝ አይበልጥም፣ ተጠባባቂ የውሃ ቱቦ ይዘረጋል፣ ተጎጂ ሆኖ የሚተኛውም አሻንጉሊት እንጂ ሰው አይደለም።

ጀማሪን በጋዝ ጀምሮ በእንጨት መጨረስ ይሻላል። በጋዝ ብቻ የሠለጠነ ግን የጭስን ጠባይ የሚማረው በሚነድ የሰው ቤት ውስጥ ነው።