አሮጌዋ ሉዊ ቪቶን እና አዲስ የምትመስለው፣ የቷን ልግዛ ለምትሉ

ባለፈው ቅዳሜ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ስፒዲ 30 የሚባሉ ሁለት የሉዊ ቪቶን (የፈረንሳዩ ውድ ብራንድ) የእጅ ቦርሳዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፣ ሁለቱም ዩዝድ ኦርጂናል ናቸው ተብሎ። አንዷን ያመጣችው ቤሩት ሰርታ የተመለሰች ጎረቤታችን ናት፣ መዳሟ ናት የሰጠቻት፣ እጀታው ጠቁሯል ጥግ ጥጉ ተፍቋል፣ ባልዋሽ ሲያዩዋት ሊስትሮ ጋር ውሰዷት ውሰዷት ነው የሚለው። ሌላዋን ቴሌግራም ላይ ያገኘኋት ልጅ ከሰሚት ይዛልኝ መጣች፣ ከነካርቶኗ ከነከረጢቷ ከነካርዷ፣ የእጀታው ፕላስቲክ ራሱ አልተላጠም። አሮጌዋ 70 ሺ፣ አዲሷ 45 ሺ። እናቴ ቡና እያፈላች "ምኑን ታስቢያለሽ፣ አዲሷን ውሰጂ እንጂ" አለችኝ፣ የኔም ልብ እዛው ነበር።

ከእጀታው ልጀምር ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። የስፒዲ እጀታ ምንም ያልተቀባ የላም ቆዳ ነው፣ ሲገዛ ፈዘዝ ያለ ክሬም ነው ከዛ ፀሀይና የእጅ ላብ እየነካው ማር ይመስላል፣ ቆይቶ ይጠቁራል፣ ውሃ ጠብ ካለበት ደሞ ነጠብጣቡ ይቀራል። ስለዚህ የጎረቤቴ ቦርሳ ላይ እኔ ቆሻሻ ያልኩት ነገር ማስረጃ ነበር ማለት ነው። የሰሚቷን ልጅ ስንት ጊዜ ያዝሻት ስላት ሁለት አመት አለችኝ፣ ሁለት አመት ተይዞ ፕላስቲኩ እንዴት ነው ያልተላጠው? ባይ ዘ ዌይ ሉዊ ቪቶኖች እጀታ በፕላስቲክ ጠቅልለው አይሸጡም፣ ካርድ የሚባለውም እንደዛው፣ ሉዊ ቪቶን የኦርጂናልነት ካርድ አይሰጥም። እኛ ሰፈር ግን ካርድ ካለው አለቀ፣ ኦርጂናል ነው።

አካሉ ላይ ደሞ "ሙሉ ቆዳ ነው" ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል። ያ ኤልቪ የተጻፈበት ቡኒ ነገር፣ ንድፉ በፈረንጆቹ ከ1896 ጀምሮ ያለ፣ ከላዩ የተቀባ የጥጥ ሸራ ነው፣ ቆዳው እጀታውና ጠርዙ ላይ ነው ያለው። ክላሲክ ስፒዲ ከአንድ ወጥ ሸራ ነው የሚሰራው፣ ከፊት በታች ዞሮ ወደ ኋላ ስለሚወጣ በአንድ በኩል ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ከቆሙ በሌላው በኩል ተዘቅዝቀው ነው የምታዩዋቸው። አሮጌዋ ላይ የተዘቀዘቀውን ሳይ ፌክ ናት ብዬ ልመልሳት ነበር እኮ! አዲሷ በሁለቱም በኩል ቀጥ ያለች፣ ከስር ግን መሀል ለመሀል የተሰፋች ናት። ስፌቱም ይለያል፣ አሮጌዋ እጀታውን የያዙት አራቱ የቆዳ ምላሶች ላይ ስፌቱ እኩል ነው፣ አዲሷ ላይ አንዱ ከሌላው ይበልጣል።

ቁጥሩ ግን አሳቀኝ። ውስጥ ትንሽ ቆዳ ላይ ቦርሳዋ መቼ እንደተሰራች የሚናገር ሁለት ፊደልና አራት ቁጥር አለ። በፈረንጆቹ ከ1990 እስከ 2006 የተሰሩት ላይ አንደኛውና ሶስተኛው ቁጥር ወር፣ ሁለተኛውና አራተኛው አመት ነው፣ ከ2007 ወዲህ ወሩ በሳምንት ተተካ። አሮጌዋ 1025 ትላለች፣ 12ኛ ወር 2005። አዲሷ 1473 ትላለች፣ በድሮው ካነበብነው 17ኛ ወር፣ እኛ እንኳን 13 ነው ያለን፣ በአዲሱ ካነበብነው ደሞ 2043 ላይ ነው የምትሰራው፣ በኛም አቆጣጠር ገና ነው። ትክክል የሆነ ቁጥር ብቻውን ግን አያሳምናችሁ ምክንያቱም እሱንም ይገለብጡታል፣ የተሳሳተ ቁጥር ግን ያጋልጣል። ከ2021 ወዲህ ቁጥሩ ቀርቶ ቺፕ ስለገባ የ2023 ናት እያለ ቁጥር የሚያሳያችሁን ሰው ደህና ዋል በሉት።

ሌሎቹን ብራንዶች በአጭሩ። ሻኔል ላይ አርማው ውስጥ የተጠላለፉትን ሁለቱን ሲዎች (C) እዩ፣ ከላይ የቀኙ በግራው ላይ ያልፋል፣ ከታች የግራው በቀኙ ላይ። ማይክል ኮርስና ኮች ሜድ ኢን ቻይና ወይም ቬትናም ቢሉ አትደንግጡ፣ ኦርጂናሉም እዛ ይሰራል። ሉዊ ቪቶን ቻይና ካለ ግን ተነሱና ሂዱ። ፈረንሳይ፣ ስፔን፣ ጣልያን፣ አሜሪካ የሚል ችግር የለውም።

እና የቷን? 45 ሺ ብር ለኮፒ ከምትሰጡ በሱ ብር እዚሁ የተሰራ ጥሩ ጥሩ የቆዳ ቦርሳ ከአንድም በላይ ትገዛላችሁ፣ እኔ ኮፒ አትያዙ አልልም ግን በኮፒ ዋጋ ያዙት። ኦርጂናል ካላችሁ የተፋቀችው ትሻላለች፣ ግን ጥጓ መፋቁንና መቀደዷን ለዩ፣ ሸራው ከተሰነጠቀ ዋጋ የለውም፣ እዚህ ደሞ የሉዊ ቪቶን ሱቅ ስለሌለ ወስዳችሁ የምታሰሩበት የለም። በቀን ብርሃን እዩ፣ መብራት በጠፋ ማታ ደረጃ ላይ ቆማችሁ በስልክ ባትሪ አትግዙ።

እኔ አሮጌዋን ተከራክሬ በ62 ሺ ወሰድኳት። እናቴ ግን አልተዋጠላትም፣ በማግስቱ እጀታውን በቫዝሊን ልትወለውልልኝ ስትል ነው የደረስኩባት።