ለሱፍ ቦሌ ድረስ መሄድ ያዋጣል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ አምስት ዓመት ሆነኝ። ዳቦውን፣ ሽንኩርቱን፣ ሳሙናውን እዚሁ ሰፈር ነው የምገዛው። ልብስ ሲሆን ግን እንደ ብዙዎቻችሁ ታክሲ ተሰልፌ ወደ መሃል ከተማ እሄድ ነበር። ያስተወኝ ባለፈው ጥር የገዛሁት ሱፍ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሊያገባ፣ እኔ ሚዜ። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ሱቅ ገባሁ፤ ስሙ ይቅር። ሻጩ ልጅ ትከሻዬን እያራገፈ "ብራዘር፣ ልክክ ነው ያለብህ፣ ቱርክ ነው" አለኝ። ጥቁር ሰማያዊ፣ ጠበብ ያለ፣ 14 ሺህ ብር። ላስቀንስ ስሞክር በአገጩ ግድግዳውን አሳየኝ። "ቁርጥ ዋጋ" ይላል። ከስሩ ደግሞ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም"። መብራቱ ቢጫ፣ ሙዚቃው የሚያደነቁር፣ መስታወቱ ሰው የሚያቀጥን። ከፈልኩ።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ጉልበት መሳም ተጀመረ። አያታችን ጋ ጎንበስ አልኩ፣ ደህና። አጎታችን ጋ፣ ደህና። እቴቴ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ጨርቅ ሲተረተር ሰማሁ። ቀኑን ሙሉ ኮቴን ሳላወልቅ፣ ሲጨፈርም ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ዋልኩ። ቪዲዮው ላይ በጣም ጨዋ ሚዜ እመስላለሁ።

ሰኞ ይዤው ተመለስኩ። ያው ልጅ፣ ያ ልክክ ነው ያለው፣ "ጠቦህ ነው እንጂ ልብሱ ምን አደረገ?" አለኝ።

እንግዲህ ሱሪውን ይዤ ሰፈር ገባሁ። ከታክሲ መያዣው ጀርባ ኮንቴነር ውስጥ የሚሰፉ አንድ አዛውንት አሉ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ገልብጠው አዩትና "ልጄ፣ ይሄ እኮ ትርፍ የለውም" አሉኝ። ከመቀመጫው ስፌት ወዲያ የቀረው ጨርቅ ግማሽ ጣት አይሞላም። ደህና ሱሪ ከኋላ ሁለት ጣት ያህል ይተውለታል፣ ሰውዬው ሲወፍር እንዲለቀቅለት። ከዚያ ከጨርቁ ጠርዝ አንዲት ክር መዘዙና ክብሪት ጫሩ። ክሯ ተኮማትራ ጥቁር ጠብታ ሆነች፣ ስትበርድ እንደ ጠጠር ደረቀች፣ ቤቱ የተቃጠለ ፌስታል ሸተተ። "ሱፍ ቢሆን የተቃጠለ ፀጉር ይሸትህ ነበር" አሉ፣ "ጥጥ ቢሆን ደግሞ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል።" እና ሱፍ ገዛሁ ብዬ የለበስኩት ነገር ውስጥ ሱፍ የለም። የጾም ሱፍ ፍትፍት ይሻላል፣ እሱ ቢያንስ በስሙ አይዋሽም። ፖሊስተር መሆኑ በራሱ ወንጀል አይደለም፣ አይጨማደድም፣ ቶሎ ይደርቃል። ግን ለ14 ሺህ ብር?

ዋጋ ነው ጉዳዬ ካላችሁ መርካቶ ነው፣ ክርክር የለውም። ከኛ ሰፈር በታክሲ እስከ ቃሊቲ፣ ከዚያ በባቡር እስከ አውቶቡስ ተራ፣ ባቡሩ ከመጣ። ቅዳሜ አትሂዱ፣ ትጨፈለቃላችሁ። እሁድ አብዛኛው ዝግ ነው። ሰፈር 2,800 የተባልኩትን ጂንስ 1,900 አግኝቻለሁ፣ ያውም ሁለት ጊዜ ጥዬ ከወጣሁ በኋላ። መለኪያ ክፍል የሚባል ነገር ግን የለም፤ የሱሪውን ወገብ አንገታችሁ ላይ ጠምጥመው "ይሆንሃል" ይሏችኋል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደግሞ ለሁሉ ጥያቄ መልሱ "ዶላር ጨመረ" ሆኗል፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለጠጣ ሸሚዝ ሳይቀር። ድሮ የማውቀው ነጋዴ ሸማ ተራ ነበር። ጥቅምት 2017 ከተነሳው እሳት በኋላ ብፈልገው አጣሁት። መርካቶ ያለሚያውቁት ሰው ሌላ ከተማ ነው።

ቁጥር አትመኑ። የቻይናው ኤክስ ኤል እኔ ላይ የታናሼ ልብስ ነው የሚመስለው። ኮት ላይ 50 የሚለው የአውሮፓ ቁጥር ነው፣ 10 ቀንሱለትና የእንግሊዝና የአሜሪካው 40 ይመጣል። ሸሚዝ ኮሌታ ላይ ያለው 40 ወይም 41 ደግሞ የአንገት ዙሪያ በሴንቲሜትር ነው። ሜትር ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ፣ ማንም አይስቅባችሁም። ቢስቅም ይሳቅ።

ሰልባጅስ? ለንግድ ማስገባት ክልክል ነው፣ መንገድ ዳር ግን ሞልቷል፣ ሁላችንም ለብሰነዋል። እውነቱን ለመናገር እስካሁን ከለበስኳቸው ጃኬቶች ምርጡ የሰልባጅ ነው። ብብቱንና ዚፑን ሳታዩ ግን እንዳትከፍሉ።

የሰፈራችን ቡቲኮች ምርጫቸው ትንሽ ነው፣ ያለውም የሃያ ዓመት ልጅ እግር ላይ የሚጣበቅ ሱሪ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከመርካቶ ከ300 እስከ 400 ብር ይወደዳሉ። ሆኖም የታክሲውን፣ የምሳውንና የሚባክነውን ቅዳሜ ስደምር ልዩነቱ ይጠፋብኛል። ባለፈው ወር የገዛሁት ሸሚዝ በመጀመሪያው እጥበት ቁልፉ ረገፈ። ልጅቷ በሦስተኛው ቀን ያለ አንድ ጥያቄ በሌላ ቀየረችልኝ። ነገም ከነገ ወዲያም በሯ ላይ እንደማልፍ ታውቃለቻ።

ስለዚህ አሁን ሸሚዝና ቲሸርት ከእሷ እገዛለሁ፣ ሱሪ ጋሼ ጋ አሰፋለሁ። ለሱሪ አንድ ሜትር ተኩል ጨርቅ መርካቶ እገዛና እሰጣቸዋለሁ፣ እጃቸው 900 ብር ነው። ስፌታቸው ከአስር ዘጠኝ፣ ትርፉንም ሁለት ጣት ይተዋሉ። ቀጠሯቸው ግን ከአስር ሁለት። "ማክሰኞ ና" ካሉ የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ አይናገሩም፣ ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ሲበዛማ ጭራሽ አይገኙም። የግንቦት ሰርግ ያለባችሁ ጨርቁን ከወዲሁ ስጧቸው።

እኔም ግንቦት ላይ በድጋሚ ሚዜ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አዲሱን ሱሪ ልለካ ሄድኩ። ለበስኩት፣ ቆሜ አዩት፣ ቁጭ በል አሉኝ፣ ተነስ አሉኝ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው "በል፣ ጉልበቴን ሳም" አሉ። ጎንበስ ብዬ ሳምኩ። ሱሪው ምንም አላለም።