የእጅ አንጓ መደገፊያው ለሌሊት ነው እንጂ ለስፌት አይሆንም

ይህን ጥቁር ባለ ቬልክሮ መደገፊያ እጄ ላይ ያየ ሁሉ «ይሠራል?» ይለኛል። ይሠራል። ግን ለሌሊት ነው።

ሐረር፣ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሰርግና የዒድ ሰሞን ከመኪናው ቀና ማለት የለም። ቀኝ እጄ የታመመው እንዲህ ባለው ሰሞን ነው። አውራ ጣቴ፣ ጠቋሚዬና የመሐል ጣቴ ሌሊት ይደነዝዛሉ፣ ያቃጥላሉ። ትንሿ ጣቴ ግን ደህና ናት። እጄን ሳራግፍ ነበር የማድረው። ፊዚዮቴራፒ የምትሠራው ልጅ ይህን ስነግራት ወዲያው ገባት። ወደ እነዚያ ጣቶች የሚሄደው ነርቭ አንጓ ላይ ባለች ጠባብ መሿለኪያ ከ9 ጅማቶች ጋር ተጋፍቶ ነው የሚያልፈው። አንጓ ሲታጠፍ ደግሞ ግፊቱ ይብሳል። ብዙዎቻችን የምንተኛው እጃችንን አጥፈን ነው።

መደገፊያው መዳፍ በኩል ብረት አለው፤ አንጓን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። አስሬው መተኛት ከጀመርኩ ወዲህ እንቅልፌ ተመልሷል። ሲገዛ ብረቱ ወደ ላይ የታጠፈ ስለነበር አውጥቼ አቃናሁት። ስፌቱን ግን አቦ ተዉኝ! የአውራ ጣቱ ቀዳዳ ጠርዝ ሻካራ ነው፤ ቆዳ ይልጣል። ፈትቼ በጥጥ ጨርቅ ቀመቀምኩት።

ቀን አስራችሁት አትስፉ። አንጓ አልታጠፍ ሲል ሥራውን ክርንና ትከሻ ይረከባሉ፤ ማታ ትከሻ ሲጠዘጥዝ ያድራል። ለቀኑ የጠቀመኝ ወንበሬን ከፍ ማድረግና መቀሴን ማሳል ነው። በደነዘ መቀስ ጂንስ መቁረጥ እጅ ይጨርሳል። መሐል መሐል ማረፍም አለ፤ በሰፋው ሱሪ ቁጥር የሚከፈለውን ልጅ ግን «እረፍ» ብትሉት ማን ይሰማችኋል?

እህቴ ድሬዳዋ ፀጉር ሠሪ ናት። «ለእኔም ግዛልኝ» አለችኝ፤ አልገዛሁላትም። የእሷ ሕመም ትከሻ ላይ ነው፣ የፀጉር ማድረቂያ ፎን ይዛ ክንዷን ቀኑን ሙሉ ከፍ አድርጋ ስለምትውል። በዚያ ላይ በድሬ ሙቀት ይህን ጨርቅ ማሰር ላብ በላብ መሆን ነው።

ስኳር ወይም የታይሮይድ ችግር ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ይህ የአንጓ ነርቭ ሕመም ቶሎ ያገኛቸዋል፤ ሐኪም ይዩ። የአውራ ጣት ሥር ሥጋው ከሟሸሸ ወይም ዕቃ ከእጅ ማምለጥ ከጀመረ ደግሞ መደገፊያ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

ስትገዙ ግራና ቀኙን አይታችሁ ውሰዱ። የአንጓችሁን ዙሪያ በሜትር ለክታችሁ ሂዱ፤ «ሁሉም ይሆናል» የሚል ሻጭ አትመኑ።