«ፍርድና ተስፋ» የሚለው የኢየሩሳሌም ጉብኝት፦ ፍርዱን አየን፣ ተስፋው ቀረ

ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ተሳልመን አንድ ቀን ተረፈን። አክስቴ «የኤርምያስን አገር ሳላይ አልመለስም» አለች። በአማርኛ የሚያስጎበኝ ድርጅት ፈልገን ለየራሳችን 180 ሼቅል ከፈልን። ወቀሳ ስላለኝ ስሙን አልጠራም።

በመልካሙ ልጀምር። አስጎብኚያችን በልጅነቱ ከጎንደር የመጣ ቤተ እስራኤል ነው። «እማማ፣ ቀስ ይበሉ» እያለ የዳዊት ከተማን (የጥንቷ ኢየሩሳሌም የተቆፈረችበትን ቦታ) ደረጃ አክስቴን ክንዷን ይዞ አስወረዳት። ቁፋሮው ውስጥ «የተቃጠለው ክፍል» የሚሉት ፍርስራሽ አለ። ባቢሎናውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ከተማዋን ሲያነድዱ አብሮ የነደደ ነው። እዚያው ካለ ሌላ ቤት ደግሞ የድንጋይ መጸዳጃ መቀመጫ ሳይቀር ተገኝቷል። አክስቴ ሳቀች። «ነቢዩን የሚያሙት እዚህ ተቀምጠው ነበራ!»

ከዚያ አስጎብኚው ልጅ ስልኩን አውጥቶ የሁለት ትንንሽ የጭቃ ማኅተሞች ፎቶ አሳየን። የጣት ጥፍር ያክላሉ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ሌላው በ2008 እዚያው የዳዊት ከተማ ተቆፍረው የወጡ ናቸው። አንዱ ላይ የሰሌምያ ልጅ ዮካል፣ ሌላው ላይ የጳስኮር ልጅ ጎዶልያስ የሚል ስም አለ። ቀጥሎ ኤርምያስ 38ን ከፍቶ አነበበልን። ሁለቱም እዚያ አሉ! ኤርምያስ ከተማዋ ለባቢሎን ንጉሥ ትሰጣለች ስላለ ይገደል ብለው ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ከጣሉት አለቆች ናቸው። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

«ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው» ብሎ ሊያልፍ ሲል አክስቴ አላሳለፈችውም። በብብቱ ሥር እንዲያደርገው ከገመዱ ጋር ጨርቅ መጣሉን ማን ይተርክ? ደግሞስ ተረፈ ባሮክ? አቤሜሌክ በለስ ሊያመጣ ተልኮ፣ ጥላ ሥር አረፍ ብሎ 66 ዓመት ተኛ። ሲነቃ በለሱ ገና ወተቱን ያንጠባጥባል። የከተማዋን ጥፋት ሳያይ ቀረ። መጽሐፉ በእኛ ቀኖና ያለ ነው፤ ልጁ አፉን ከፍቶ ሰማት። ስልኩ ላይም ጻፈው።

አሁን ወደ ወቀሳው። የተስፋው ክፍል ከስኮፐስ ተራራ ላይ ሆነን ወደ ኤርምያስ የትውልድ መንደር ወደ ዓናቶት ማየት ነበር። ሹፌሩ «ሌላ ቡድን እየጠበቀኝ ነው» ብሎ ሰረዘው። ታሪኩንም መኪና ውስጥ በሁለት ደቂቃ ሰማነው። እኔ የሄድኩት ደግሞ ለእሱ ነበር! ኤርምያስ እስረኛ ነው፤ የባቢሎን ጦር ከተማዋን ከቧል። እሱ ግን የአጎቱን ልጅ እርሻ ይገዛል። ጠላት የሰፈረበትን መሬት! እኛ አገር ቢሆን ደላላው ራሱ ይሸሻል። ብሩን በሚዛን መዘነ፣ ምስክር አቆመ፣ የታተመውንና ክፍቱን ውል ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠ። በዚህ አገር ቤትና እርሻ እንደገና ይገዛል ብሎ። ይህን አገሩን ቁልቁል እያዩ መስማትና ጎማ እየጮኸ መስማት አንድ አይደለም።

ገንዘባችን በከፊል እንዲመለስልን ጠየቅን። እስካሁን መልስ የለም።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቻለሁ፤ ሦስቱም የልጁ ናቸው። የምትሄዱ ካላችሁ በጠዋት ውጡ፣ ደረጃው ብዙ ነው። ስኮፐስንም ከሹፌሩ ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ። አክስቴማ አሁንም እያሰላች ነው፦ «ኤርምያስ በ17 ሰቅል እርሻ ገዛ፤ እኛ በ180 መስኮት አየን»።