የጠረጴዛ ስር የኬብል ትሪ፦ አሪፍ ነው፣ ማጣበቂያው ግን አይረባም

ከጠረጴዛ ስር የሚገጠም የሽቦ ትሪ ነው። የሶኬት ማከፋፈያውንና ያን ጡብ የሚያክል የላፕቶፕ ቻርጀር አንድ ላይ ይይዛል፤ አሁን ወለሉ ላይ እግር የሚጠልፍ ገመድ የለም፣ መጥረግም ቀለለ። ክፍት ስለሆነ ቻርጀሩ ሲሞቅ አየር ያገኛል።

በብሎን ግጠሙት። አብሮት የሚመጣውን ማጣበቂያ አምናችሁ ብትለጥፉት ግን፣ ክብደት ሲበዛበት ከነጓዙ ዱብ ነው! ማሰሪያዎቹ ቬልክሮ (ተለጥፎ መልሶ የሚላቀቅ ጨርቅ) መሆናቸው በጣም ተመችቶኛል፤ የፕላስቲኩ ማሰሪያ አንዴ ከጠበቀ በመቀስ ካልሆነ አይፈታም፣ እሱን ስትቆርጡ ደግሞ ኬብሉን አብራችሁ ልትበጥሱት ትችላላችሁ። ጠረጴዛችሁ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ወደ ግድግዳ የሚሄደውን ገመድ ላላ አድርጋችሁ ተዉት፣ አለበለዚያ ከፍ ሲል ከሶኬቱ ይነቀላል። መመሪያው? ብታነቡትም ባታነቡትም ያው ነው።